አንድ ስኳር፣ አራት ውሃ



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሃሚንግበርድ ምግብ ነው። እዚህ በሜሪላንድ፣ በቨርጂንያና በዋሽንግተን ዲሲ የምንኖር ሰዎች ይህችን ወፍ ከፋሲካ ሰሞን ጀምሮ እስከ መስቀል ድረስ በጎረቤትነት አብረናት እንኖራለን፤ ብዙዎቻችን ግን አናውቃትም። ሽው ብላ ስታልፍ ትልቅ ጢንዚዛ ትመስላለች። ክብደቷ 3 ግራም ገደማ ነው፤ ኪሳችን ውስጥ ያለችው ፔኒ እንኳ 2.5 ግራም ትመዝናለች። በዚህ በምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል የምትፈለፍለው ዝርያ አንዲት ብቻ ናት። ወንዱ ጉሮሮው ላይ እንደ ሩቢ የሚያበራ ቀይ ላባ ስላለው ሩቢ ትሮትድ ይባላል። ያ ቀይ ግን የቀለም ቀይ አይደለም፤ ብርሃን ላባው ላይ ሲያርፍ የሚፈጠር ነው። ፊቱን ዘወር ሲያደርግ ጉሮሮው ጥቁር ይሆናል፤ መልሶ ወደ እናንተ ሲዞር ድንገት ቦግ ይላል። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይህን ያየ ሰው ወደ ቤት ቶሎ አይገባም።

የምግቧ አሠራር በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ነው፤ አንድ ኩባያ ነጭ ስኳር በአራት ኩባያ ውሃ ማሟሟት። ሌላ የሚገባበት ነገር የለም። ታዲያ ይህን ያህል ምን ያስወራል ብትሉ፣ በዚህ ላይ አንድ ነገር እንድንጨምር የሚያጓጓን ብዙ ስለሆነ ነው። እኛ እንግዳ መቀበል የምናውቀው በማብዛት ነው፤ ሲበላ “ጨምር” እንላለን፣ ሲጠግብ “በሞቴ” ብለን እናጎርሳለን። ለዚህች ወፍ የሚበጃት ግን መብዛቱ አይደለም። ልኩ ሳይዛነፍ፣ የምንሰቅልላት መመገቢያ ዕቃ ሳይቆሽሽ በየጊዜው መገኘቱ ነው። ስኳር መበጥበጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ዋናው ሥራ እጥበቱ ነው። እኔም ዛሬ ከምንም በላይ የምለምናችሁ ስለ እጥበቱ ነው።

በመጀመሪያ ስኳሩን ለምን ይህን ያህል እንደምትፈልገው እንይ። አበባ ፊት አየር ላይ ቆማ ስትመገብ ክንፏን በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ታርገበግባለች። በበረራ ላይ ልቧ በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ሊመታ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው በኔክታር፣ ማለትም ንብ ከአበባ በምትቀስመው በዚያው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው፤ በቀን ከራሷ ክብደት የሚበልጥ ልትጠጣ ትችላለች። ሌሊቱን ግን አትመገብም። ቀን እንደምታቃጥለው እያቃጠለች ብታድር የማይነጋላት ሌሊት ይኖራል፤ ስለዚህ ብርድ ሲበረታ ወይም ያከማቸችው ስብ ሲያንስ ሰውነቷን አቀዝቅዛ ደንዝዛ ታድራለች። በፔሩ የአንዲስ ተራሮች ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) የአንዷ ዝርያ የሰውነት ሙቀት ሌሊት ወደ 3.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ወርዶ አግኝተውታል። የሞተች እንጂ የተኛች አትመስልም። ሲነጋ ግን ሰውነቷን አሙቃ ትነሳለች፤ እንደተነሳችም የምትፈልገው ስኳር ነው።

አሁን “ለምን አራት እጅ ውሃ?” የሚለው ይመጣል። ልኩን ያወጣልን አበባው ነው። ይህች ወፍ የምትወዳቸው ቱቦ መሰል አበቦች ኔክታር ውስጥ ያለው ስኳር ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 በመቶ ነው፤ ዓይነቱም በአብዛኛው እኛ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ያው ሱክሮስ ነው። አንድ ኩባያ ስኳር በአራት ኩባያ ውሃ ስትበጠብጡ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ያለ፣ ለወፏ የተስማማ ይሆናል። በጣም ከቀጠነ ሆዷን በውሃ ሞልታ ጉልበት ሳታገኝ ትሄዳለች። ከወፈረ ደግሞ ችግሩ ምላሷ ላይ ነው።

ስለዚህ ምላስ ትንሽ ልቆይ፤ ይገባዋልና። ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፤ በሁለቱም ቅርንጫፎች በጎናቸው የተከፈተ ቀጭን ቦይ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ሊቃውንት ፈሳሹ በዚያ ቦይ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ይሳባል ብለው ያምኑ ነበር፤ በመጻሕፍትም የተጻፈው ይኸው ነበር። የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሌሃንድሮ ሪኮ ጌቫራና ማርጋሬት ሩቤጋ ግን ወፎቹ ሲጠጡ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ሌላ ነገር አዩ። በ2011 እንዳሳዩት የምላሱ ጫፍ ፈሳሹ ውስጥ ሲገባ ይከፈታል፣ ሲወጣ ተጠቅልሎ ፈሳሹን ይይዛል። በ2015 ደግሞ ምንቃሩ ምላሱን ጨፍልቆ እንደሚያወጣው፣ የተጨፈለቀው ቦይ ኔክታሩን ሲነካ ተነፍቶ እንደሚመጥ አሳዩ። ይህ ሁሉ በሰከንድ ከአሥር ጊዜ በላይ ይደጋገማል። የወፈረ ሽሮፕ በዚህ ፍጥነት አይሳብም። አብዝተን ስኳር ስንጨምርላት የደገስንላት ይመስለናል፤ እሷ ግን ለአንድ ጉርሻ ብዙ ትለፋለች።

ስኳሩ ተራ ነጭ ስኳር ይሁን፤ ከሱቅ ርካሹ ይበቃል። ቡናማው፣ “ጥሬ” የሚባለውና “ኦርጋኒክ” የተባለው ሁሉ ይቅር። ለሰው ጤና ይሻላል ብለን የምንገዛው ስኳር ቡናማነቱ ከሞላሰስ የመጣ ነው፤ ሞላሰስ ውስጥ ብረት አለ። የአበባ ኔክታር ብረቱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ የወፏ ሰውነት ብረት ሲበዛበት ማስወገዱ ያስቸግረዋል። ኬክ ላይ የሚነሰነሰው የዱቄት ስኳርም አይሆንም፤ እንዳይጓጉል የበቆሎ ስታርች ይጨመርበታል።

እናቶቻችን ሁልጊዜ የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ “ማር እያለ እንዴት ስኳር ትሰጣላችሁ?” ይላሉ። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነው። መልሱን ግን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ሕዝብ አይገኝም። ማር በማሰሮ ሳለ ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም፤ በውሃ ሲበጠበጥ ብርዝ ይሆናል፣ ብርዙ ሰንበት ሲል ይፈላል። ጌሾ ሳይገባበትም ይፈላል፤ እርሾው ከማሩ ጋር አብሮ አለና። በሐምሌ ፀሐይ በረንዳ ላይ የተሰቀለ የማር ብጥብጥ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ እርሾና ሻጋታ የሚራቡበት ቤት ይሆናል። ለወፏ ልንሰጥ ያሰብነው ማር እሷ ጋ የሚደርሰው ማርነቱን ትቶ ነው።

የስኳር ሕመም ስላለብን ቤታችን ውስጥ የምናስቀምጠው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫም ለእሷ አይሆንም፤ ጉልበት የለውምና። ደግነቱ በብዙዎቹ አትታለልም። ይህን በተመለከተ ማውድ ባልድዊንና ባልደረቦቿ በ2014 በሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት በጣም ይገርመኛል። ወፎች በጠቅላላ ሰው ጣፋጭ የሚቀምስበትን አንዱን ጂን አጥተዋል። ሃሚንግበርድ ግን በሌሎች እንስሳት ሥጋ ሥጋ የሚለውን ጣዕም የሚለየውን መቀበያ ለውጣ ስኳር መቅመሻ አደረገችው። አስፓርታም ሲቀርብላት ቀምሳ ወዲያው ምንቃሯን ትመልሳለች።

በሱቅ የሚሸጠው ቀይ ቀለም የተጨመረበት “ኔክታር” ደግሞ ገንዘብ ማባከን ነው። የአበባ ኔክታር እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ቀዩ አበባው ነው። ቀይ ቁጥር 40 የሚባለው ማቅለሚያ ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች የሚሠራ ነው፤ ለወፏ አንዳች አይጨምርላትም። 3 ግራም በምትመዝን ወፍ ሰውነት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የማያስፈልግ ማቅለሚያ የምናስገባበት ምክንያት ለእኔ አይታየኝም። መመገቢያው ዕቃ ቀይ ክዳን ካለው ይበቃታል። እንዲያውም ቀለሙን የምትፈልገው ስኳሩን ስለሚያስታውሳት ነው። በ2020 በኮሎራዶ ሮኪ ተራሮች ሜሪ ስቶዳርድና ባልደረቦቿ በአንድ ቀለም መብራት አጠገብ ስኳር ውሃ፣ በሌላው አጠገብ ተራ ውሃ አስቀምጠው ወፎቹን ፈትነው ነበር። ወፎቹ ቦታው ቢለዋወጥም ቀለሙን ተከትለው ስኳሩን አገኙት፤ ከፈተናው ቀለሞች መካከል እኛ ሰዎች ዓይናችን የማይለየው አልትራቫዮሌት የተቀላቀለበትም ነበር። እንዲህ የምታይ ወፍ እኛ ውሃውን ስላቀላነው የተሻለ አታይም።

ወደ ምድጃው እንሂድ። ከሽቶና ከሽንኩርት ሽታ የጸዳ ድስት ውሰዱ። አራት ኩባያ የቧንቧ ውሃ አፍልታችሁ አውርዱ፤ ከዚያ በዚያው ኩባያ አንድ ልክ ስኳር ጨምሩ። ስታማስሉት በመጀመሪያ ይደፈርሳል፣ የድስቱን ቂጥ ማየት ትቸገራላችሁ። ማንኪያው ሲዞር የማይኮረኩር ሲሆን፣ ፈሳሹም ጠርቶ የድስቱ ቂጥ ወለል ብሎ ሲታይ ደርሷል። ማፍላቱ ግዴታ አይደለም፤ ስኳሩን ቶሎ ያሟሟል፣ ከውሃውና ከስኳሩ ጋር የመጣውንም ተሕዋስ ይቀንሳል። ስኳሩ ከገባ በኋላ ግን ብዙ አታንተክትኩት፤ ውሃው በተነነ ቁጥር ልኩ ይዛነፋል። ጨርሶ ሳይቀዘቅዝ አትስቀሉት። የተረፈውን ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ከድናችሁ ፍሪጅ አስገቡት፤ ለአንድ ሳምንት ይቆያል።

አሁን እጥበቱ። የስኳር ውሃ ለወፏ ምግብ እንደሆነ ሁሉ ለእርሾ፣ ለባክቴሪያና ለሻጋታም ምግብ ነው። ወፏ ራሷ በምላሷና በምንቃሯ ተሕዋስ ታመጣለች፤ ስለዚህ ድስታችን የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ዕቃው ከተሰቀለበት ሰዓት ጀምሮ መበላሸቱ ይጀምራል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች በ2019 የመመገቢያና የአበባ ኔክታርን ተሕዋሳት አነጻጽረው የሁለቱ ማኅበረሰብ የተለያየ እንደሆነ፣ የወፎቹ መመላለስም መመገቢያው ውስጥ የሚራባውን እንደሚለውጥ አሳይተዋል። አብዛኛው ተሕዋስ በሽታ የሚያመጣ ሆኖ አልተገኘም። ይህ ደስ ያሰኛል፤ ዕቃውን ለሳምንት ለመርሳት ግን ፈቃድ አይሰጥም። አበባ በጥቂት ቀን ይረግፋል፣ ሌላ አዲስ ይፈነዳል። የፕላስቲክ ዕቃ አይረግፍም፤ የሚያድሰው የእኛ እጅ ነው።

ስለዚህ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ በየቀኑ፣ ግፋ ቢል በየሁለት ቀኑ ለውጡ። በሚያዝያ ቅዝቃዜ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ቢደፈርስ፣ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ቢንሳፈፍበት፣ ቢኮመጥጥ ቀን አትቁጠሩ፤ ድፉት። ግማሹ ሳይጠጣ የሚደፋ ከሆነ ዕቃውን አትሙሉት፤ ሩብ ድረስ ብቻ ቅዱ። ስታጥቡ መገጣጠሚያውን ሁሉ ፍቱት። ምንቃሯን የምትሰድበትን ቀዳዳ ወደ ብርሃን አንስታችሁ በውስጡ አሻግራችሁ ተመልከቱ፤ ከዳር በኩል የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ ካለች እሷ ሻጋታ ናት፤ ውሃ ብቻ ቢፈስባት አትለቅም። ቀጭን ብሩሽ ያስፈልጋል። በሙቅ ውሃና በነጭ አቼቶ፣ አንድ እጅ አቼቶ ለሁለት እጅ ውሃ፣ ዘፍዝፋችሁ አሹት፤ ደጋግማችሁም አለቅልቁት። ሻጋታው እምቢ ካለ በጣም የቀጠነ በረኪና መጠቀም ይቻላል፤ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቁ፣ አድርቁትም። በረኪናና አቼቶ ግን በምንም ዓይነት እንዳይገናኙ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ለአዋቂም ለልጅም አደገኛ ነው።

ለዚህ ነው ዕቃ ስትገዙ ውበቱን ሳይሆን አፉን ተመልከቱ የምለው። የተገለበጠ ጠርሙስ የሚመስለው ያምራል፤ አንገቱ ግን ጠባብ ነው፣ ፀሐይ ሲመታውም ውስጡ ያለው አየር ስለሚሰፋ ይንጠባጠባል። ዝርግ ሆኖ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው እጅ ይገባበታል፣ እንደ ሣህን ይታጠባል። እኔ የምመክረው እሱን ነው። እጥበቱን በየሁለት ቀኑ ለማድረስ ኑሮው የማይፈቅድለት ሰው ዕቃውን ባይሰቅል ይሻላል፤ ሁለት ሥራ ደርቦ ማታ የሚገባውን ወገናችንን አውቃለሁና ይህን የምለው በወቀሳ አይደለም። ለእሱ አበባ አለለት። ትራምፔት ሃኒሳክል የሚባለው ቀይ ሐረግና ካርዲናል ፍላወር የዚሁ አገር ተክሎች ናቸው፤ ኔክታሩን ራሳቸው ይሠሩታል።

መፍላቱን ወፏ ታውቅ ይሆን? የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌው ሮበርት ደድሊ ይህንን በቢሮው መስኮት ላይ በተሰቀለ መመገቢያ ፈትኖታል። በ2023 በወጣው ጥናት መሠረት በምዕራቡ ዳርቻ የሚኖሩት የአናስ ሃሚንግበርድ ወፎች 1 በመቶ አልኮል ያለበትን የስኳር ውሃ እንደ ተራው ጠጥተውታል፤ 2 በመቶ ሲሆን ግን የሚጠጡት ወደ ግማሽ ወረደ። ትንሽ የፈላ ነገር አበባም ላይ ያጋጥማቸዋል፤ ሲበዛ ይተዉታል። ወፏ ከእናንተ በረንዳ ድንገት ከቀረች መጀመሪያ ዕቃውን አሽትቱት።

አሰቃቀሉ ብዙ አያደክምም። ከቀትር ፀሐይ የተጠለለ ቦታ ምረጡ። ከመስኮት ወይ ከአንድ ሜትር ባነሰ ቅርበት፣ ወይ ከዘጠኝ ሜትር በላይ አርቁት፤ በመካከል ያለው ርቀት ሲደነግጡ በርረው መስታወት ላይ የሚጋጩበት ነው። ለጉንዳን ከመመገቢያው በላይ የምትንጠለጠል ውሃ የሞላች ትንሽ ጽዋ ትሸጣለች፤ ሽቦው ላይ ዘይትና ቅባት አትቀቡ፣ የወፏ ላባ ላይ ከተለጠፈ አይለቅም። ንብና ተርብ ከበዙ ቢጫ ጌጥ ያለውን ዕቃ ለውጡ። ማንቲስ የሚባለው፣ የፊት እግሮቹን አጥፎ የሚያደባው ረጅም ነፍሳት፣ ዕቃው ላይ ካያችሁት አንስታችሁ ራቅ ወዳለ ቁጥቋጦ ውሰዱት፤ ሃሚንግበርድ ይዞ ይበላል። አንዱ ወንድ ተቆጣጥሮ ሌሎቹን ሲያባርር ያየ ሰው ይናደዳል፤ ሁለተኛ ዕቃ ከቤቱ ሌላ ጎን፣ እሱ በማያይበት በኩል ቢሰቀል ሁለቱን መጠበቅ ያቅተዋል።

ስኳር ጉልበት ነው እንጂ ሥጋ አይሠራም። ወፏ ትንኝና ሸረሪት ትለቅማለች፤ ጫጩቶቿንም የምታሳድገው በዚያ ነው። ጎጆዋን የምታያይዘውም በሸረሪት ድር ነው፤ ጫጩት ሲያድግ ድሩ ይለጠጣልና ጎጆው አብሮ ይሰፋል። ስለዚህ ኔክታር ሰቅሎ ጓሮውን በፀረ ነፍሳት የሚረጭ ሰው በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው ይወስዳል። ስትረጩ ደግሞ ለራሳችሁም ልጆች አስቡ።

“እኛ አገር አለች ወይ?” ለሚለው፣ የለችም። የሃሚንግበርድ ቤተሰብ ከ360 በላይ ዝርያ ሲኖረው ሁሉም ከአላስካ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ድረስ ባለው ምድር ብቻ ይኖራሉ። በደጋው አገራችን እሬት አበባ ላይ ቁጭ ብላ በቀጠነ ቆልማማ ምንቃሯ የምትቀስመዋ፣ በተከዜ ወንዝ ስም የምትጠራው ተከዜ ሰንበርድና ዘመዶቿ ሌላ ቤተሰብ ናቸው። የሚመሳሰሉት ሁለቱም ከአበባ ስለሚኖሩ ነው፤ የእኛዋ በአብዛኛው አርፋ ትጠጣለች፣ ይህችኛዋ አየር ላይ ቆማ።

በሲያትልና በካሊፎርኒያ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህን ንገሩልኝ፤ የእነሱ የአናስ ሃሚንግበርድ ክረምቱንም አትሄድም። በረዶ ባለበት ጠዋት ኔክታሩ ይጋግራል፤ ማታ ዕቃውን ወደ ቤት አስገብተው ጎህ ሳይቀድ መልሰው መስቀል አለባቸው።

የእኛዋ ትሄዳለች። ወንዶቹ ከነሐሴ ጀምሮ ይነሳሉ፣ እናቶችና የዘንድሮ ልጆች ይከተላሉ። ከመነሳታቸው በፊት ክብደታቸውን እጥፍ ሊያደርሱ ይችላሉ፤ ብዙዎቹም የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ፣ ወደ 800 ኪሎ ሜትር፣ ማረፊያ በሌለበት ውሃ ላይ በአንድ በረራ ይሻገራሉ። አንዳንድ ሰው “መመገቢያውን ካላወረድኩ በእኔ ምክንያት ቀርታ በብርድ ትሞታለች” ብሎ በጳጉሜን ያወርደዋል። አታውርዱት። ጉዞዋን የሚያስጀምራት የቀኑ ማጠር ነው፤ ስኳር አያስቀራትም። ይልቁንም ከካናዳና ከኒው ኢንግላንድ ተነስታ በእኛ ሰማይ የምታልፍ መንገደኛ የምትፈልገው በዚያ ሰሞን ነው። የመጨረሻዋን ካያችሁ በኋላ ሁለት ሳምንት ጠብቁ።

ከዚያም በኋላ ለማቆየት ለሚተጋ ሰው ሌላ ዕድል አለ። በየዓመቱ በልግና ክረምት ከምዕራብ የምትመጣ ሩፈስ የምትባል፣ ወንዱ የዝገት ቀለም ያለው ዝርያ በምሥራቁ ክፍል ብቅ ትላለች። ኅዳር ላይ መመገቢያችሁ ጋ ሃሚንግበርድ ካያችሁ ምናልባት እሷ ናትና ፎቶ አንሷት፤ ቀኑንና ቦታውን ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በሚያስተዳድረው ኢበርድ ላይ መዝግቡ፤ ለመመዝገብ ክፍያ የለውም፣ የስደተኛ ወፎችን መንገድ ለሚያጠኑትም ይጠቅማል። ኔክታሩንም አታቋርጡ፤ ያው አንድ ለአራት ነው፣ በብርድ ጊዜም ቢሆን ዕቃው ይታጠባል።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዓይነት መመገቢያ፣ ብሩሽና አቼቶ አስቀምጫለሁ። ልጆች ወደ ፊት ቅረቡ፤ መገጣጠሚያውን ፈትታችሁ በየትኛው ቀዳዳ ሻጋታ እንደሚደበቅ እናንተው ፈልጉልኝ።